ቦዩ ከጎርፉ በፊት

ቆቦ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጎርፍ ይመጣል። ዝናቡ የዘነበው ሜዳው ላይ አይደለም፤ በስተምዕራብ ካለው ደጋ ወይም በስተምሥራቅ ከዞብል ተራሮች ነው። የራያ ገበሬ ይህን ሌላ ቦታ የጣለ ዝናብ ይጠልፈዋል። በአፈር፣ በድንጋይና በእንጨት ይከትራል፤ ቦይ ይቀድዳል፤ ድፍርሱን ውኃ ወደ ማሽላው ይመራል። ጎርፉ ሌሊት ሊደርስ ይችላል፤ ጥቂት ሰዓት ቆይቶም ያልፋል። ስለዚህ ቦይ የሚቆፈረው የጎርፉ ድምፅ ሲሰማ አይደለም። መሬቱ ደርቆ፣ ደመና ሳይታይ ነው።

ይህን የማነሣው ለእናንተ ነው፤ ቀለበት አስራችሁ፣ የሠርግ ቀን ቆርጣችሁ፣ ወንጌል ይዛችሁ ወደ ሰው አገር ለመሄድ ለወሰናችሁት ለሁለታችሁ። ደስ ይላል! በዚህ ዕድሜ ለሌላ ሰው ለመኖር ተስማምቶ መነሣት ትልቅ ነገር ነው። እኔ የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። የእጮኝነት ጊዜያችሁን ቪዛ እስኪመጣ የምትጠብቁበት ባዶ ጊዜ አታድርጉት። ቦይ የሚቆፈርበት ደረቅ ወር እሱ ነው።

አንድ ባልና ሚስት ላስታውሳችሁ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። በ1868 ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ወደ ባሕር የተመለሰው በአሸንጌ ሐይቅ በኩል፣ ከራያ ሜዳ በላይ ባለው ደጋ ነበር። ያን ጊዜ ከአገር ከወጡት መካከል ሱዛን ቤል የምትባል ወጣት ሴት አለች። እናቷ ኢትዮጵያዊት ናት፤ አባቷ የቴዎድሮስ ሊቀ መኳስ የነበረው እንግሊዛዊው ጆን ቤል ነው፣ በ1860 ንጉሡን ሲከላከል የሞተው። ባሏ ቴዎፊል ዋልድማየር ስዊዘርላንዳዊ ነው። ወንጌል ሊያስተምር መጥቶ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ከጓደኞቹ ጋር በንጉሡ ትእዛዝ መድፍ ወደ ማቅለጥ ገባ። መቅደላ ድረስ በሰው ጉልበት የተጎተተው መድፍ፣ ሴባስቶፖል፣ የዚያች መንደር ሥራ ነው።

እስቲ አስቡት። እሷ የተወለደችበትን አገር ትታ፣ እሱ ዐሥር ዓመት ያህል የደከመበት ፈርሶበት ወጡ። የሄዱት ወደ ቤሩት ነበር። በ1873 ከቤሩት በላይ ባለው ተራራ፣ ብሩማና በምትባል መንደር ዋልድማየር ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ትምህርት ቤቱ ዛሬም ያስተምራል። ኋላም ጦርነትን የማይቀበሉትን፣ ኩዌከር የሚባሉትን ክርስቲያኖች ተቀላቀለ። ሱዛን በ1893 አረፈች። እሱ ግን የአእምሮ ሕሙማን በሰንሰለት ይታሰሩ በነበረበት በዚያ አገር፣ አስፉሪየ በሚባለው ስፍራ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል እንዲቋቋም አደረገ፤ ሆስፒታሉ በ1900 ሥራ ጀመረ። መድፍ ያቀለጠው እጅ ነው ይህን የሠራው።

እኔ ግን ሐሳቤ የሚያርፈው ሱዛን ላይ ነው። ያደገችው በሁለት ሕዝብ መካከል ነው። የእናቷን ወገን ለአባቷ ወገን፣ የአባቷንም ለእናቷ ማስረዳት የልጅነት ሥራዋ ሳይሆን አይቀርም። ቤሩት ስትደርስ እንግድነት አዲስ የሆነባት አይመስለኝም። ቦይዋ በልጅነቷ ተቆፍሯል።

እናንተስ? ለዚህ ትምህርት ካላችሁበት ከቆቦ የተሻለ ቦታ የት አለ? በገበያ ቀን ዙሪያችሁን እዩ። ደገኛው ይወርዳል፣ ከዞብል ማዶ አፋሩ ይመጣል፣ ከአላማጣ በኩል ትግርኛ ተናጋሪው አለ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም አንድ ሚዛን ላይ እህል ይሰፍራሉ። ከእነዚህ የአንዱን ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳያውቁ ባሕር ማዶ ተሻግሮ የሰው ልብ ለማንኳኳት መሞከር ከባድ ነው። ሙስሊሙ ጎረቤታችሁ ቤት በዒድ ግቡ፤ ብዙ አትናገሩ፣ አዳምጡ። በሰው ቤት መቀመጥን የሚያውቅ ሰው በሰው አገርም ይከበራል።

ስለ ሙያም አስቡ። ብዙ አገሮች ለሰባኪ ቪዛ አይሰጡም፤ ነርስ፣ አስተማሪ፣ የእርሻ ባለሙያ፣ ቧንቧ ሠራተኛ ግን ይፈልጋሉ። ከሁለታችሁ ቢያንስ በአንዳችሁ እጅ ቁም ነገር ያለው ሥራ ይኑር። ላኪዋ ቤተ ክርስቲያን የምትችለውን፣ የማትችለውንም በጽሑፍ ታስቀምጥላችሁ፤ የሕክምና ወጪ በማን ነው፣ ድንገት መመለስ ቢመጣ ቲኬቱን ማን ይቆርጣል? እንዲህ ብሎ መጠየቅ የእምነት ጉድለት አይደለም። የራያ ልጆች ደላላን አምነው ስንቱን በረሃ እንዳቋረጡ ታውቃላችሁ።

አሁን ደግሞ ከባዱን ልንገራችሁ፤ ብደብቃችሁ አልወዳችሁም ማለት ነው። በመጋቢት 1842 ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የሚባል ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ከአንኮበር ተነሥቶ በወሎ አድርጎ ወደ ምፅዋ ወረደ። ወሎ ላይ አዳራ ቢሌ የተባለው ባላባት አግቶ ዘረፈው። እንደዚያ ተዘርፎ ይጓዝ የነበረ ሰው እጮኛ ነበረው። ሮዚነ ዲትሪክ ትባላለች፤ በዚያው ዓመት እስክንድርያ ላይ ተጋቡ። ሐሳባቸው ወደ ሸዋ መመለስ ነበር፤ የሸዋው በር ተዘጋ። በሰሜን ሊገቡ ሲሞክሩ ሮዚነ በሳሆ በረሃ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኗ ወዲያው ሞተች። የሰጧት ስም በእኛው ቋንቋ ነው፦ እንባ።

ከዚያ ወደ ሞምባሳ ሄዱ። በሐምሌ 1844 ሮዚነና ሌላዋ አዲስ የተወለደች ልጃቸው እዚያ ሞቱ። ክራፕፍ ኦሪት ዘፍጥረትን ወደ ስዋሂሊ መተርጎም ከጀመረ ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። ሥራውን አልተወም። የስዋሂሊ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያዘጋጀ ሰው ሆነ።

ይህን ስትሰሙ እንዳትደነግጡ። በእነሱ ዘመን ያልነበረ ክትባትና የወባ መድኃኒት በእናንተ ዘመን አለ፤ ተጠቀሙበት፣ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የእኔ ነጥብ ሌላ ነው። ክራፕፍና ሮዚነ ያሰቡት በር ሲዘጋ ቃል ኪዳናቸው አብሮ አልተዘጋም፤ የተጋቡት ከሸዋ ጋር ሳይሆን እርስ በርስ ነበርና። እናንተም ዛሬ ተጠያየቁ፦ ቪዛው ቢከለከል፣ አገሩ ባይሆን፣ እኔና አንቺስ? እኔና አንተስ? መልሱ "እንኖራለን፣ እናገለግላለን" ከሆነ፣ ወገኖቼ፣ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል!

ኦኔሲሞስ ነሲብም እንዲሁ ነው። በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ ምፅዋ ላይ ነፃ የወጣው ይህ ሰው፣ ስዊድን ተምሮ በ1881 ሲመለስ ምሕረት ኃይሉን አገባ። ሙሽርነታቸው ሳያልፍ በሱዳን በኩል ወደ ኦሮሞ ምድር ለመግባት ጉዞ ተጀመረ፤ አልተሳካም። ደግሞ ተሞከረ፤ አሁንም አልሆነም። ወደ ወለጋ የገባው በ1904 ነው። በመካከሉ ከባልደረባው ከአስቴር ጋኖ ጋር የሠራው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። በሩ ሲከፈት ባዶ እጁን አልገባም።

ማሽላችንን የሚበላውን አቀንጭራ ታውቁታላችሁ። ከመሬት በላይ አበባው ከመታየቱ በፊት ሥር ላይ ተጣብቆ ጉዳቱን አድርሷል። በእጮኞች መካከል ያልተነገረ ነገርም እንዲሁ ነው። ለእናት አባት በየወሩ የሚላከው ብር፣ ልጅ መቼ እንደሚወለድ፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ "እኔ እኮ ስላንተ ብዬ ነው የመጣሁት" የምትሉበት ቀን፤ እነዚህ ሰው አገር ላይ አያብቡ። አሁን፣ እዚሁ፣ አገር ሰላም ሳለ አውጧቸው። ቢያጨቃጭቃችሁ ይሻላል። እዚህ ስትጣሉ ሽማግሌ አለ፤ የራያ ሰው ደም እንኳ ቢፈስ ዘወልድ በሚባለው ሽምግልና ተቀምጦ ያስታርቃል። ባሕር ማዶ በራችሁን የሚያንኳኳ ሽማግሌ የለም። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ሁለታችሁም የምትሰሙትን አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ምረጡ፤ ስትኮራረፉ በቅድሚያ የምትደውሉላቸውን። እነሱም ኃላፊነቱን በአንደበታቸው ይቀበሉ።

ስለ ቤሩት ሳወራ የቆየሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሱዛን በሄደችበት ከተማ ዛሬ ብዙ እህቶቻችን በሰው ቤት እየሠሩ ይኖራሉ፤ በአማርኛ የሚጸለይባቸው ጉባኤዎችም አሉ። የሚያስተምራቸው፣ ሲታመሙ የሚጠይቃቸው፣ ሰነዳቸውን የሚያነብላቸው ባልና ሚስት ቢያገኙ እንዴት ደስ ባላቸው! የወንጌል አገልግሎት የግድ ስማችንን ከማያውቅ ሕዝብ አይጀምርም።

ዐረብኛ ደግሞ በእጃችሁ ነው። በሰፈራችሁ ከጅዳ ወይም ከቤሩት የተመለሰች እህት አትጠፋም፤ በብዙ ዋጋ የተማረችውን ቋንቋ ማንም ጠይቋት አያውቅ ይሆናል። ዛሬ ማታ ቡና ጠጪ ብላችሁ ጥሯት። ደብተር ያዙ፤ ለድካሟም የሚገባትን ክፈሏት። ከአቦሉ እስከ በረካው ዐሥር ቃል ይያዛል።