የመምህሩ ዝምታ
(ፍቅርና ማታለል በአንድ የማላያላም ፊልም)

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች፣ በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ጥናት ስለ አንድ ፊልም ነው። ፊልሙ የአገራችን አይደለም፤ ቋንቋውም የእኛ አይደለም። በ1954 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን) በደቡብ ምዕራብ ሕንድ፣ ዛሬ ኬረላ በሚባለው አገር፣ በማላያላም ቋንቋ የተሠራ የጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ስሙ «ኒላኩይል» ይባላል፤ ሰማያዊ ኩይል ማለት ነው። ኩይል የወፍ ስም ነው። የስሙን ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

ማላያላም የሚለው ስም እንግዳ የሆነባችሁ ካላችሁ አያቶቻችሁን ጠይቁ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ያስተምሩ ከነበሩት ሕንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ ከኬረላ የመጡ ናቸው፤ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበትም ቋንቋ ይኸው ነበር። የፊልማችንም ዋና ሰው መምህር ነው።

ታሪኩ ሲነገር አጭር ነው። ሽሪድሃራን ናያር የሚባል ወጣት በአንድ የገጠር መንደር ያስተምራል። ከተከበረ ወገን የተወለደ ነው። ኒሊ የምትባል ደግሞ ፑላያ ከሚባለው ከተናቀው ወገን የተወለደች የድኻ ልጅ አለች። ሁለቱ ይዋደዳሉ። ኒሊ ታረግዛለች። በዚህን ጊዜ መምህሩ «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ፈራ፤ ሊያገባትም አልፈቀደም። ከራሱ ወገን የሆነችውን ናሊኒን አገባ። የኒሊ የገዛ ወገኖቿም ፊታቸውን አዞሩባት። ልጇን ወልዳ በባቡር ሐዲድ አጠገብ ሞታ ተገኘች። አጠገቧ የሚያለቅሰውን ሕፃን ያነሣው አባቱ አይደለም፤ ሻንካራን ናያር የተባለ የመንደሩ ፖስተኛ ነው። ይህ ሰው እንደ መምህሩ ሁሉ ከከበረው ወገን ነበረ። መንደሩ ተንጫጫ። ፖስተኛው ግን አልሰማቸውም፤ ሕፃኑ ሞሃን ተብሎ በእርሱ ቤት አደገ። ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ከናሊኒ ልጅ ያላገኘው መምህር ሕሊናው ዕረፍት ስለ ነሣው እውነቱን ተናገረ፤ ልጁንም ወሰደ።

የዚህን ታሪክ ክብደት ለማወቅ የአገሩን የወገን አከፋፈል ማወቅ ያስፈልጋል። በብዙው የሕንድ ክፍል ዝቅ ያለው ወገን ከፍ ያለውን ቢነካ ያረክሰዋል ይባል ነበር። በኬረላ ግን መንካት ቀርቶ መቅረብም ያረክሳል ይባል ስለ ነበር፣ ፑላያው ከናያሩ ብዙ እርምጃ ርቆ መቆም ነበረበት። ፑላያዎች የሩዝ እርሻ ሠራተኞች ነበሩ። እስከ 1855 ድረስ በትራቫንኮር መንግሥት እንደ ባሪያ ይሸጡና ይለወጡ ነበር። የእነርሱ ወገን የሆነው አያንካሊ (1863–1941) ፑላያ እንዳይሄድበት በተከለከለ መንገድ በበሬ ጋሪ ተቀምጦ የሄደው በ1893 ነው፤ ከዚያም በኋላ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት እንዲገቡ ብዙ ታግሏል። የትራቫንኮር ንጉሥ ቤተ መቅደሶች ለሁሉም እንዲከፈቱ ያወጀው በ1936 ነው። የነጻዋ ሕንድ ሕገ መንግሥት በ1950 በ17ኛው አንቀጽ አንድን ሰው አይነኬ ማለትን ፈጽሞ ሻረ። ፊልሙ የወጣው ከዚህ 4 ዓመት በኋላ ነው፤ ይህን የሚያደርግ የሚቀጣበት ዝርዝር ሕግ የወጣው ግን በ1955፣ ማለት ከፊልሙ በኋላ ነው። እንግዲህ ተመልካቹ ሲኒማ ቤት ሲገባ ነገሩ በወረቀት ላይ ተሽሮ፣ በሰው ቤት ውስጥ ግን ገና እንዳለ ነበረ።

መምህሩ ኒሊን ለማግባት የሚከለክለው ሕግ አልነበረም ማለት ነው። ይህን ልብ በሉ። ያገደው ፍርድ ቤት ወይም ፖሊስ ሳይሆን የጎረቤት ዓይን ነው።

አሁን ወደ ጥናታችን ዋና ጥያቄ እንግባ፤ መምህሩ አታላይ ነው ወይስ ፈሪ? ብዙዎቻችን አታላይ ሲባል የምናስበው ከመጀመሪያው ወጥመድ ዘርግቶ የሚመጣውን፣ ሌላ ስም የሚያወጣውን፣ የሌለውን ሀብት አለኝ የሚለውን ሰው ነው። በሲኒማ የምናየውም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለው ነው፤ ጢሙን እየጠመዘዘ ሲገባ ገና እናውቀዋለን። ሽሪድሃራን ግን እንዲህ አይደለም። ፊልሙ እንደሚወዳት አይክድም። ክፉ ሰውም አድርጎ አያቀርበውም፤ የተማረ፣ ትሑት፣ በመንደሩ ዘንድ የተወደደ ሰው ነው። እንግዲህ ማታለሉ የት ላይ ነው ያለው?

እኛ እንደሚመስለን ማታለሉ የጀመረው ኒሊን በካደባት ቀን አይደለም። የጀመረው ፍቅራቸው በድብቅ እንዲሆን በተስማሙበት ጊዜ ነው። ድብቅነቱ ለሁለቱም እኩል ይመስላል፤ ሲመረመር ግን እኩል አይደለም። ነገሩ ተደብቆ ቢቀር መምህሩ ክብሩ፣ ደመወዙ፣ ጥሩ ጋብቻው አብረውት ይቀራሉ። ለኒሊ ግን ተደብቆ መቅረቱ ምንም አያስገኝላትም። ምስክር የሌለው ቃል ኪዳን ይዛ ነው የምትቀረው። የሚገለጥበት ቀን ሲመጣ ደግሞ የሚገለጠው በእርሷ አካል ላይ ነው፤ በእርሱ ላይ ምንም ምልክት አይታይም። እንግዲህ አንድ ሰው «ነገራችንን ለጊዜው ለማንም አንናገር» ሲል፣ መጠየቅ ያለበት ይህ ምስጢር ቢወጣ ማን ምን ያጣል የሚለው ነው። እርሱ ብዙ የሚያጣ፣ እርሷም ቢወጣ የምትጠቀም ከሆነ፣ ምስጢሩ የሁለቱ አይደለም፤ የእርሱ ብቻ ነው።

ይህን የምንለው ለወንዶች ልጆች ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሀብታም ሴት ልጅና ድኻ ወንድ ልጅ ቢሆኑም ሂሳቡ ያው ነው። በእኛም መካከል በስልክ መልእክት የሚጻጻፉ፣ በጉባኤ ላይ ግን እንደማይተዋወቁ ሆነው የሚተላለፉ አሉ። ሁሉም ክፉ ናቸው አንልም፤ ማፈርም አለ፣ ቤተሰብን መፍራትም አለ። ሆኖም የሽሪድሃራንም ነገር የተጀመረው በእንደዚህ ያለ ማፈር ነበር።

ሁለተኛው ማታለል የሚረሳው ነው። ናሊኒ ያገባችው ማንን ነው? ያወቀችው መምህሩን ነው፤ ያላወቀችው ደግሞ የሞሃንን አባት ነው። መምህሩ በየቀኑ ከእርሷ ጋር ማዕድ ሲቆርስ አንድም የሐሰት ቃል ላይናገር ይችላል፤ ዝም ማለቱ ብቻ ይበቃዋል። ልጁ በዚያው መንደር እያደገ አባቱ በዓይኑ እያየው ዓመታት ያልፋሉ። ለእኛ ከፊልሙ ሁሉ ከባዱ ክፍል ይህ ነው፤ ከኒሊ ሞት ይልቅ ይከብዳል። ሞት አንድ ጊዜ ይሆናል፤ መምህሩ ግን በየማለዳው ሲነሣ እንደገና ዝም ማለት አለበት።

ፖስተኛው በዚህ መካከል የቆመ ሰው ነው። ፖስተኛ የሰውን ሁሉ ደብዳቤ ይዞ ይዞራል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚጻጻፍ ያውቃል። ደራሲው ሆን ብሎ ይህን ሥራ እንደ ሰጠው አንጠራጠርም። ሻንካራን ናያር ሕፃኑን ሲያነሣ ያጣው ነገር መምህሩ እንዳያጣ የፈራውን ያንኑ ነበር፤ የሰው ፊት ማየትን። አጣውም፣ ኖረም። መምህሩ «አልችልም ነበር» እንዳይል ከጎኑ አንድ ወገን፣ አንድ መንደር፣ አንድ ዕድል የነበረው ሌላ ሰው ቻለ። የፖስተኛውን ክፍል የተጫወተው ከሁለቱ አዘጋጆች አንዱ፣ ገጣሚው ፒ. ባስካራን ራሱ መሆኑ ደስ ያሰኛል። ለራሱ የወደደውን ሰው መረጠ እንበል።

ሌላው አዘጋጅ ራሙ ካርያት ነው፤ ኋላ በ1965 «ቼሚን» በተባለው ፊልም የሕንድን ፕሬዚዳንት የወርቅ ሜዳልያ ያገኘው እርሱ ነው። ታሪኩን የጻፈው ኡሩብ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ደራሲ ነው። ገንዘቡን ያወጣው ቲ. ኬ. ፓሪኩቲ ነው። መምህሩን የተጫወተው ሳትያን የክርስቲያን ቤተሰብ ልጅ ሲሆን፣ ተዋናይ ከመሆኑ በፊት አስተማሪም፣ ወታደርም፣ የፖሊስ መኮንንም ነበር። ኒሊን የተጫወተችው ሚስ ኩማሪ ናት። «ኒላኩይል» በሕንድ ብሔራዊ የፊልም ሽልማት ዕውቅና ያገኘ የመጀመሪያው የማላያላም ፊልም ሆነ።

ስለ ዜማው ሳንናገር ብናልፍ የሚቆጡን አሉ። ከዚያ በፊት የማላያላም ፊልም ዘፈኖች ብዙዎቹ በሂንዲና በታሚል ፊልሞች ዜማ ላይ ቃል ብቻ እየተቀየረላቸው ይሠሩ ነበር። የዚህ ፊልም ዜማ ደራሲ ኬ. ራጋቫን ግን ከገበሬውና ከዓሣ አጥማጁ አንደበት የሚሰማውን የአገሩን ዜማ ወስዶ ሠራበት፤ አንዱንም ራሱ ዘፈነው። ግጥሞቹ የባስካራን ናቸው። ዘፈኖቹን የኬረላ ሰዎች ዛሬም ያውቋቸዋል። ስለ ተናቀው ሰው የሚናገር ፊልም በተናቀው ሰው ዜማ መዘፈኑ ተገቢ ነበር እንላለን።

አሁን ደግሞ የማንስማማበትን እንናገር። ፊልሙ ኒሊን ቶሎ ይገድላታል። በሕይወት ብትኖር መምህሩ ይቅርታ የሚጠይቀው እርሷን ነበር፤ እርሷም «እሺ» ወይም «እምቢ» ልትለው ትችል ነበር። ከሞተች በኋላ ግን ይቅርታው ወደ መንደሩና ወደ ተመልካቹ ዞረ፤ ተመልካቹም ለመምህሩ እያለቀሰ ወጣ። የተበደለው ሰው በሌለበት የሚደረግ ዕርቅ ቀላል ነው። ልጁም ከናያር ቤት ወደ ናያር ቤት ሄደ እንጂ የእናቱን ወገኖች ማንም «የእናንተም ልጅ ነው» ያላቸው የለም። የዘመኑ ሰዎች በዚያ ጊዜ ከዚህ በላይ ሊሄዱ አይችሉም ነበር የሚል ይኖራል። ሊሆን ይችላል። ሆኖም በ1893 በበሬ ጋሪው ላይ የተቀመጠው ሰው ከዚህ በላይ ሄዶ ነበር።

በዚሁ ላይ አንድ እውነተኛ ታሪክ ጨምረን እንንገራችሁ። የማላያላም የመጀመሪያው ፊልም ጄ. ሲ. ዳንኤል የሠራው «ቪጋታኩማራን» የሚባል ድምፅ የሌለው ፊልም ነው። በዚያ ፊልም የናያር ሴት ሆና የተጫወተችው ፒ. ኬ. ሮዚ ከተናቀው ወገን የተወለደች ነበረች። በቲሩቫናንታፑራም ፊልሙ ሲታይ «እንዴት እርስዋ የናያር ሴት ሆና ትታያለች» ብለው ድንጋይ ወረወሩ። ሮዚ አገሯን ጥላ ሸሸች፤ ከዚያ ወዲያ በፊልም አልታየችም። የፊልሙም ቅጂ ዛሬ የለም። ስለዚህ በ1954 የከበረው ወገን ስለ ፑላያዋ ልጅ በሲኒማ ቤት ሲያለቅስ፣ በሸራው ላይ ያለችው ፑላያ እንዳልነበረች ማወቅ መልካም ነው። ይህን የምንናገረው ሚስ ኩማሪን ለመንቀፍ አይደለም፤ ክፍሏን በሚገባ ተጫውታለች።

ወደ ወፏ እንመለስ። ኩይል ድምፅዋ ያማረ ወፍ ናት፤ ወንዱ ጥቁር ሆኖ ፀሐይ ሲያርፍበት ወደ ሰማያዊ ያደላል። የኒሊም ስም ከዚያው ቀለም የወጣ ነው። ሴቷ ኩይል የራሷን ጎጆ አትሠራም፤ እንቁላሏን በቁራ ጎጆ ትጥላለች፤ ቁራውም የራሱ ጫጩት መስሎት ይመግበዋል። ወዲያው እንደምታዩት ታሪኩ ከፊልሙ ጋር ይመሳሰላል፤ ነገር ግን ሁለት ቦታ ላይ ይለያያል። በመጀመሪያ እንቁላሉን ጥሎ የሄደው እናቲቱ አይደለችም፤ አባትየው ነው። ሁለተኛውም፣ ቁራው ተታሎ ነው የሚመግበው፤ ፖስተኛው ግን ሕፃኑ የእርሱ አለመሆኑን እያወቀ ነው ያሳደገው። በዚህ ፊልም ውስጥ ካልተታለሉት ጥቂት ሰዎች አንዱ እርሱ ነው።

በሚመጣው እሑድ ከትምህርት በኋላ በዚህ ጥናት ላይ ውይይት ይደረጋል። የምንጀምረው ከናሊኒ ነው። ባሏ እውነቱን በተናገረ ጊዜ ናሊኒ ልጁን አልገፋችም፤ ነገር ግን ያን ሁሉ ዓመት ስለ ተደበቀባት ነገር ምን ልትጠይቀው ይገባት ነበር? ሴቶች እኅቶቻችን በቅድሚያ እንዲናገሩ ወስነናል። ወንድሞችም ተራችሁ እስኪደርስ ጽፋችሁ ኑ።