ከፓሌርሞ እስከ አዲስ ዓለም

ሙስሊሙ በአንድ ከተማ ውስጥ ያለው ሥፍራ በምን ይለካል? «በመስጊዶቹ ብዛት» የሚል ወንድም ካለ የሲሲሊ ደሴት ዋና ከተማ የሆነችውን የፓሌርሞን ታሪክ ይመልከት።

ሙስሊሞች ፓሌርሞን የያዟት እ.ኤ.አ. በ831 ነው። በ973 የጎበኛት ተጓዡ ኢብን ሐውቀል ከ300 በላይ መስጊዶች እንዳገኘባት ጽፏል። ይሁንና አልተደሰተም። አንድ ቀስት ተወርውሮ በሚደርስበት ርቀት ውስጥ አሥር ያህል መስጊዶች ተደርድረው አየ። ምክንያቱን ቢጠይቅ፣ እያንዳንዱ ሰው የእኔ ብቻ የሚለው መስጊድ እንዲኖረው ስለሚሻ ነው አሉት። ጎን ለጎን የሚኖሩ ወንድማማቾች እንኳ መስጊዳቸው የተለያየ ነበር። (ይህን አንብቦ የራሱን ሰፈር የማያስታውስ አለን?)

በ1072 ኖርማኖች ከተማዋን ወሰዷት። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1184፣ ኢብን ጁበይር ሲደርስ ሙስሊሞቹ በከተማዋ ዳር በየሰፈራቸው ይኖራሉ፤ ገበያው በእጃቸው ነው፤ ቃዲም አላቸው። የጁምዓ ኹጥባ ግን ተከልክሏል። በቀጣዩ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ፍሬድሪክ 2ኛ የደሴቲቱን ሙስሊሞች ባሕር አሻግሮ ወደ ሉቼራ አጋዛቸው። የሉቼራም ሙስሊሞች በ1300 ተበተኑ።

በእኛም አገር ከዋናው ከተማ ዳር የተገፋ ሰፈር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ 1ኛ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ የጎንደር ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። ሰፈራቸው አዲስ ዓለም፣ በሌላ ስሙ እስላም ቤት፣ ተባለ። ከዚያ ውሳኔ ሃያ ዓመት በፊት አፄ ፋሲል የየመኑን ኢማም መልእክተኛ አል-ሐይሚን በቤተ መንግሥታቸው ተቀብለው ነበር!

መኳንንቱ ሙስሊሙን ከጎናቸው ቢያርቁትም ከሥራቸው ሊያርቁት አልቻሉም። በ1770 ጎንደር የገባው ጀምስ ብሩስ እንደጻፈው፣ ንጉሡ ሲዘምት ድንኳን የሚተክሉትና የሚነቅሉት፣ ጓዝ የሚጠብቁትም እነዚሁ ሙስሊሞች ነበሩ። ከምጽዋ እስከ ጎጃም ባሶ የተዘረጋውን የሲራራ ንግድም በአብዛኛው የያዙት እነርሱ ናቸው። ነጋዴው ደሪጣ ቢያድር፣ ይፋግ ቢደርስ፣ በሩን የሚከፍትለት ወንድም አያጣም። የፓሌርሞ ወንድማማቾች በአንድ ሰፍ አልቆሙም፤ የጎንደሩ ጀበርቲ ግን የማያውቀውን ሙስሊም አሳድሮ ይሸኝ ነበር።

በ1878 የቦሩ ሜዳ ጉባኤ የአፄ ዮሐንስ 4ኛ «ተጠመቁ» አዋጅ ሲመጣ ብዙዎች ተሰደዱ፤ ሌሎችም ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆነው ከረሙ። አዲስ ዓለም ግን እንደ ፓሌርሞ ሰፈሮች ባዶዋን አልቀረችም፤ አዛኑ ዛሬም ይሰማባታል።