«ጄ» ፈራጅ ነው? «ፒ»ስ ሰነፍ ነው?

በዛሬው ጽሑፌ ብዙዎቻችን ስለምንሳሳትበት ስለ ሰው የጠባይ ዓይነት ላካፍላችሁ ወድጃለሁ።

ዩኒቨርሲቲ የምትማረው እህቴ አንድ ቀን በስልኳ ብዙ ጥያቄ ጠየቀችኝ። መጨረሻ ላይ አራት ፊደላት ወጡ። የመጨረሻዋ «ጄ» ናት፤ «ጃጂንግ» ማለት ነው። መዝገበ ቃላት ሳይ «መፍረድ» ይላል። የሷ ተቃራኒ «ፒ» ናት፤ «ፐርሲቪንግ»፣ ትርጉሙም «ማስተዋል»። «በቃ እኔ ሰው ላይ ፈራጅ ነኝ ማለት ነው?» ብዬ ደነገጥኩ። እህቴ ግን ስቃ አስረዳችኝ።

ካርል ዩንግ የተባለ የስዊዘርላንድ የአእምሮ ሐኪም በ1921 እ.ኤ.አ. ስለ ሰዎች የሥነ ልቦና ዓይነት መጽሐፍ አሳተመ። ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ የተባሉ አሜሪካውያን ደግሞ የሱን ሐሳብ ይዘው ሰውን በ16 ዓይነት የሚከፍል መጠይቅ አዘጋጁ። ጄና ፒን እንደ አንድ ጥንድ የጨመሩት እነሱ ናቸው።

ጄ ማለት ነገሩን ቀድሞ ማቀድና መቁረጥ የሚወድ ሰው ነው። ፒ ደግሞ ሐሳቡን ክፍት አድርጎ እንደ ሁኔታው መሄድ የሚወድ ነው። ለምሳሌ እናቴ የበዓሉን ሽንኩርትና ቅቤ ከሁለት ሳምንት በፊት ትገዛለች። አክስቴ ግን ገበያ የምትወጣው በዋዜማው ነው። ዶሮ ወጡ በሁለቱም ቤት ይደርሳል!

አሁን ወደ ስህተቶቹ እንሂድ።

1ኛ. «ጄ ሰው ላይ ይፈርዳል፤ አስተዋይ ፒ ብቻ ነው» ማለት ስህተት ነው። ፊደሎቹ የሚናገሩት ስለ አሠራራችን እንጂ ስለ ደግነታችን ወይም ስለ ብልህነታችን አይደለም።

2ኛ. «ፒ ሰነፍ ነው» ማለት ስህተት ነው። በዚህ የተሳሳትኩት እኔው ራሴ ነኝ። በሳይንስ የቡድን ሥራ ስለ ውኃ ዑደት ቻርት ስንሠራ አንድ ጓደኛዬ እስከ መጨረሻው ቀን ድርሻውን አላመጣም ነበር። እኔም ልጆች ፊት «አንተ ሰነፍ! ስምህን እንሰርዘዋለን» አልኩት። ዝም አለ። በማግስቱ ድርሻውን ጨርሶ መጣ። እኔ ይዤው የመጣሁት ቻርት ግን መንገድ ላይ ዝናብ መትቶት ቀለሙ ተደባልቆ ነበር። እኔ ግራ ገብቶኝ ስቆም እሱ ጠመኔ አንስቶ ሁሉንም ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሣለና አስረዳ። ቡድናችን ዳነ። እሱ ግን ከዚያ በኋላ ከኔ ዴስክ ተነስቶ ሌላ ቦታ ተቀመጠ። ያን ቀን የፈረድኩበት ጄ ስለሆንኩ አይደለም፤ ሳልጠይቀው ስለተናገርኩ ነው።

3ኛ. «ፒ ስለሆንኩ የቤት ሥራ አልሠራም» ማለትም አይሆንም። ፊደል ሰበብ አይሆንም። ጄም ቢሆን አቅዶ ላይሠራ ይችላል፤ እኔ ስንት የጥናት ፕሮግራም አውጥቼ ግድግዳ ላይ ቀርቷል!

4ኛ. «ሰው ወይ ጄ ወይ ፒ ነው፤ አይለወጥም» ማለት ስህተት ነው። ብዙ ሰው መሐል ላይ ነው። መጠይቁን ከሳምንታት በኋላ ደግመው ሲሞሉ ሌላ ፊደል የሚወጣላቸው ሰዎች አሉ። በዚህ ምክንያት ብዙ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች መጠይቁን ይተቹታል። ስለዚህ ራሳችንን ለማወቅ መነሻ ይሁነን እንጂ ሰው ላይ የምንለጥፈው ስም አይሁን።

የእጅ ጣት እኩል አይደለም ይባላል፤ ግን እንጀራ የሚቆረሰው በአንድ ጣት አይደለም። በቡድን ሥራም አቃጅም ያስፈልጋል፣ ድንገት ሲበላሽ የሚያስተካክልም ያስፈልጋል።

ጓደኛዬን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ይህን ጽሑፍም ለክበቡ ከመስጠቴ በፊት አስነበብኩት። «ስሜን አትጥራ እንጂ አውጣው» አለኝ። ዴስኬ ላይ ያለው ቦታ አሁንም የሱ ነው።



ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ 7ኛ ክፍል