ሐርድ ዲስክን ዲፍራግ ማድረግ ዛሬም ይጠቅማልን?

ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች ዛሬም በብዙ ትምህርት ቤቶችና በተማሪዎች ቤት በሥራ ላይ ይገኛሉ። እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር ሲዘገይ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ዲፍራግ አድርገው» የሚል ነው። ምክሩ በአንድ ወቅት ለሁሉም ይሠራ ነበር። ዛሬ ግን አንዱን ኮምፒዩተር ሲጠቅም፣ ለሌላው ከንቱ ድካም ይሆናል፤ በሦስተኛው ላይ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍን እስከማጥፋት ሊደርስ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ምክንያቱን ከመሠረቱ ጀምረን እንመለከታለን።

የአውቶቡሶች ማደሪያ ምሳሌ

በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ሸጎሌ፣ የከተማ አውቶቡሶች የሚያድሩበት ዴፖ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ሰፊ ግቢ በዓይነ ሕሊናችን እንሳል። ማታ የሚገቡት አውቶቡሶች ባገኙት ክፍት ቦታ ሁሉ ቢቆሙ፣ የአንድ መስመር አሥር አውቶቡሶች በአሥር ማዕዘን ተበታትነው ያድራሉ። በማለዳ የስምሪት ሠራተኛው እነርሱን ለማውጣት ግቢውን በእግሩ ማካለል ይኖርበታል። በመስመር በመስመራቸው ተሰልፈው ቢያድሩ ግን ሁሉንም በአንድ ስፍራ ያገኛቸዋል።

በሐርድ ዲስክ ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። ፋይል የሚጻፈው ክላስተር በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ሲሆን፣ በዊንዶውስ ላይ የአንዱ መጠን አብዛኛውን ጊዜ 4 ኪሎባይት ነው። ፋይሎች ሲሰረዙና ሲጨመሩ በመካከል ክፍተቶች ይፈጠራሉ፤ አዲሱም ፋይል ተቆራርጦ በእነዚህ ክፍተቶች ይቀመጣል። የተበታተኑትን ቁርጥራጮች መልሶ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ዲፍራግመንቴሽን ይባላል።

መዘግየቱ በቁጥር ሲሰላ

በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ስለዚህ የሚፈለገው መረጃ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ የዚህን ግማሽ፣ ማለትም 4.2 ሚሊሰከንድ ያህል እንጠብቃለን። ማንበቢያው ራሱ ወደ ትክክለኛው ስፍራ ለመንቀሳቀስ 9 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል ብንል፣ ለአንድ ዝላይ 13 ሚሊሰከንድ ገደማ ይጠፋል።

አሁን 50 ሜጋባይት የሆነን ፋይል በሰከንድ 100 ሜጋባይት በሚያነብ ዲስክ ላይ እናስቀምጥ። ፋይሉ ያልተቆራረጠ ከሆነ በግማሽ ሰከንድ ይነበባል። በ1000 ስፍራ ከተበታተነ ግን ለዝላይ ብቻ 13 ሰከንድ ይጨመርበታል። በ5 ስፍራ ብቻ ቢከፈል ጭማሪው 65 ሚሊሰከንድ ስለሚሆን ተጠቃሚው ልብ አይለውም። ስለዚህ መታየት ያለበት የመቆራረጡ መጠን ነው።

ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች ምን ለወጡ?

እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ኤም.ኤስ.-ዶስ 6 ዲፍራግ የሚያደርግ ፕሮግራም ነበረው፤ ሥራውን የሚያስጀምረው ግን ተጠቃሚው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ሥራውን በየሳምንቱ በራሱ እንዲያከናውን ተደርጎ ተዘጋጀ። ከዚያ ጀምሮ ፕሮግራሙ ከ64 ሜጋባይት በላይ የሆኑ ቁርጥራጮችን ለማሰባሰብ አይደክምም፤ ይህን ያህል መረጃ ለማንበብ ከሚወስደው ጊዜ አንጻር የአንድ ዝላይ ዋጋ ኢምንት ነውና። እንግዲህ በአዳዲስ ዊንዶውሶች ላይ ሥራው ብዙውን ጊዜ እኛ ሳናውቀው ተከናውኖ ይቆየናል።

ተሽከርካሪ አካል የሌለው ዲስክ

ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚሽከረከር አካል የለውም፤ መረጃውን የሚይዘው በፍላሽ ቺፕ ላይ ነው። ወደ ምሳሌያችን ስንመለስ፣ የስምሪት ሠራተኛው በእግሩ መዞሩን ትቶ ሾፌሮቹን ሁሉ በሬዲዮ ይጠራል እንበል። አውቶቡሱ የትም ቢቆም ጥሪው እኩል ይደርሰዋል። ታዲያ በየማታው አውቶቡሶችን ከቦታ ቦታ ማዛወር ነዳጅና ጎማ ከመጨረስ በቀር ምን ይፈይዳል?

የፍላሽ ሕዋስ የሚጻፍበትና የሚጠፋበት ጊዜ የተወሰነ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ አላስፈላጊ ጽሕፈት ከዕድሜው ይቀንሳል። በዚያ ላይ የዲስኩ መቆጣጠሪያ ሕዋሳቱ እኩል እንዲያልቁ መረጃውን ሆን ብሎ ያሰራጫል፤ ስለዚህ በስክሪን ላይ የምናየው «ተራ» በቺፑ ላይ ያለው እውነተኛ ተራ አይደለም። ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚያስፈልገው ትሪም የተባለው ትእዛዝ ነው፤ ይህም የተሰረዙ ፋይሎች ስፍራ ነጻ መሆኑን ለዲስኩ ያሳውቃል። ዊንዶውስ 7 እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ትሪምን ይደግፋል።

አደጋው የት ላይ ነው?

ዲፍራግ የዲስኩን ብዙ ክፍል ያነብባል፤ መልሶም ይጽፋል። «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ የሚያሰማ ወይም ፋይል ማንበብ የሚያቅተው ዲስክ እንዲህ ያለውን የሰዓታት ሥራ ላይቋቋም ይችላል። እንደዚሁም በስሕተት የተሰረዘ ፋይል በሐርድ ዲስኩ ላይ ለጊዜው ሊቆይ ይችላል፤ ዲፍራግ ስናደርግ ግን በስፍራው ሌላ መረጃ ይጻፍበትና የማዳን ተስፋው ይመነምናል። በሥራው መካከል መብራት ቢጠፋም የፋይል ሥርዓቱ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ያለ ዩ.ፒ.ኤስ. ወይም በደከመ የላፕቶፕ ባትሪ መጀመር አይገባም።

ስለዚህ በቅደም ተከተል እንዲህ እናድርግ፦

1. የማይተኩ ፋይሎችን በሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ ላይ እንገልብጥ።
2. ዊንዶውስ ዲስኮችን በሚያስተካክልበት መስኮት ላይ የዲስኩን ዓይነት እንይ። ኤስ.ኤስ.ዲ. ከሆነ ዲፍራግ አናድርገው።
3. ሐርድ ዲስክ ከሆነና ጤናማ ከሆነ፣ የመቆራረጡን መጠን በመቶኛ እንመልከት። ዝቅተኛ ከሆነ የመዘግየቱን ምክንያት በቫይረስ፣ በራም ማነስ ወይም በዲስኩ መሙላት ላይ እንፈልግ።
4. መጠኑ ከፍተኛ ከሆነ ዲፍራግ እናድርገው፤ ጥቅሙ በግልጽ ይታያል።

ለጥያቄያችን የምንሰጠው መልስ እንግዲህ አጭር ነው። ዲፍራግ ለተሽከርካሪው፣ ለጤናማውና በብዛት ለተቆራረጠው ዲስክ ዛሬም ይጠቅማል። ለደከመው ዲስክ ግን ቀዳሚው ሥራ ፋይሎቹን ማዳን ነው።

የልምምድ ጥያቄ፦ በደቂቃ 5400 ጊዜ በሚሽከረከር የላፕቶፕ ዲስክ ላይ ለግማሽ ዙር የምንጠብቀው ጊዜ ስንት ሚሊሰከንድ ነው? (መልስ፦ 5.6 ገደማ)