ዝርያና ስሕተት፦ አሮጌ ሳንቲሞች ስለ ልኬት ምን ያስተምሩናል?

በ1955 ዓ.ም. የተመቱ ሁለት የአሜሪካ ፔኒዎች፣ ማለትም ባለ አንድ ሳንቲም ገንዘቦች፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሁለቱም ላይ የዓመቱ አኃዝ ድርብ ሆኖ ይታያል። አንደኛውን ሰብሳቢዎች ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ይገዙታል፤ ሁለተኛውን ግን እንደ ተራ ሳንቲም ይቆጥሩታል። ለዓይን የሚመሳሰሉ ጉድለቶች በዋጋ ይህን ያህል የተራራቁት ለምንድን ነው? መልሱን የምናገኘው የጉድለቱን መነሻ ስንመረምር ነው።

የሳንቲም አሠራር

ሳንቲም የሚሠራው ዝርግ ክብ ብረት በሁለት ጠንካራ ማኅተሞች መካከል ገብቶ በከፍተኛ ኃይል ሲመታ ነው። በማኅተሞቹ ላይ የፊቱና የጀርባው ምስል በግልባጭ ተቀርጿል። አንድ ማኅተም እጅግ ብዙ ሳንቲሞችን ስለሚመታ፣ በላዩ ያለ ጉድለት በሚመታቸው ሳንቲሞች ሁሉ ላይ ይደገማል። እንዲህ ያለውን ሳንቲም ሰብሳቢዎች «ዝርያ» ይሉታል። በአንጻሩ ዝርጉ ብረት ከመሃል ሸሽቶ ቢመታ ወይም የሌላ ቅይጥ ዝርግ በድንገት ቢገባ፣ የሚለወጠው ያ አንድ ሳንቲም ብቻ ነው። ይህ «የአመታት ስሕተት» ይባላል።

የ1955ቱ ፔኒ

በዚያ ዘመን ማኅተሙ ራሱ የሚቀረጸው አውራ ቅርጹ ከአንድ ጊዜ በላይ ተጭኖበት ነበር፤ በመካከሉም ብረቱ በሙቀት እንዲለሰልስ ይደረጋል። በ1955 በፊላደልፊያ አንድ የፊት ማኅተም ሁለተኛው ጭነት ከመጀመሪያው ጥቂት ዞሮ አረፈበት። ስለዚህ በሳንቲሙ ፊት ያሉት ቃላትና ዓመቱ ሁሉ ድርብ ሆኑ፤ ጀርባው ግን ንጹሕ ነው። ከ20,000 በላይ የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ሳንቲሞች በሕዝብ እጅ እንደገቡ ይገመታል።

ሁለተኛው ሳንቲም ታሪኩ ሌላ ነው። በምቱ ቅጽበት ያልጠበቀ ማኅተም ሸርተት ብሎ ገና የተነሣውን ፊደል ጠርዙን ጨፍልቆታል። ልዩነቱን በአጉሊ መነጽር ማየት ይቻላል፤ በእውነተኛው ዝርያ ሁለቱም ምስሎች ሙሉና ከፍ ያሉ ሲሆኑ፣ በመንሸራተት የመጣው ግን እንደ ደረጃ ጠፍጣፋና ዝቅ ያለ ነው።

የ1943ቱ ፔኒ

በ1943 መዳብ ለጦርነቱ በመፈለጉ ፔኒ የተመታው ዚንክ በተቀባ አረብ ብረት ነበር። ይሁን እንጂ ጥቂት የነሐስ ዝርጎች ተርፈው ከሌሎቹ ጋር ተመቱ። እነዚህ የአመታት ስሕተቶች ናቸው፤ ዋጋቸውም እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ አታላዮች አረብ ብረቱን መዳብ እየቀቡ ይሸጣሉ። ይህን ማግኔት ያጋልጠዋል፤ አረብ ብረት ይሳባል፣ ነሐስ አይሳብም። መጠነ ቁሱም ይመሰክራል፤ የነሐሱ 3.11 ግራም፣ የአረብ ብረቱ ግን 2.7 ግራም ያህል ነው። ነገር ግን የ1948ን ፔኒ ወስዶ 8ን በመፋቅ 3 ያስመሰለ አታላይ ሁለቱንም ፈተናዎች ያልፋል፤ ብረቱ እውነተኛ ነሐስ ነውና። ያን ጊዜ አኃዙን በአጉሊ መነጽር መመርመር ግድ ይሆናል። እያንዳንዱ ፈተና የሚመልሰው የራሱን ጥያቄ ብቻ ነው።

ከሳንቲም ወደ ቤተ ሙከራ

ይህ ክፍፍል በልኬት ትምህርት ከምናውቀው ጋር ይዛመዳል። ጫፉ 2 ሚሊ ሜትር የተበላ ማስመሪያ ከዚያ ጫፍ ጀምረን ብንለካበት መቶ ጊዜም መቶ ጊዜም 2 ሚሊ ሜትር አብዝቶ ይነግረናል፤ አማካይ መውሰድ አያድነንም። ይህ እንደ ጎደሎው ማኅተም ያለ ሥርዓታዊ ስሕተት ነው። በአንድ ንባብ ጊዜ የሚፈጠር የዘፈቀደ መዋዠቅ ግን እንደ አንዲት ምት ጉድለት ነው፤ ንባቡ በተደጋገመ መጠን አማካዩ ላይ ያለው ተጽዕኖ ይቀንሳል።

ብዙ ተማሪዎች የሙከራ ዘገባቸውን «ልዩነቱ የመጣው በሰው ስሕተት ነው» በሚል ዓረፍተ ነገር ይዘጋሉ። ሳንቲም ሰብሳቢ በዚህ መልስ ቢረካ ገንዘቡን ያጣል፤ ተማሪውም የተሳሳተ ውጤት ይዞ ይቀራል። ስለሆነም በሚቀጥለው ሙከራችሁ ጉድለት ስታዩ፣ ከማኅተሙ የመጣ ነው ወይስ ከምቱ ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያም መሣሪያውን ለውጣችሁ ደግማችሁ ለኩ።