በሞተር ብስክሌት ላይ የሚገጠም የጠንካራ ሻንጣ መደገፊያ፦ ለወልቂጤና ለቡታጅራ አካባቢ መንገዶች የቀረበ አጭር ትንተና

መግቢያ

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ቡታጅራ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው የጉራጌ ተራሮች ተዘርግተዋል። ከሁለቱም ከተሞች ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚለዩት መንገዶች በአብዛኛው የጠጠርና የአፈር በመሆናቸው፣ ሞተር ብስክሌት ከሰው በተጨማሪ መድኃኒት፣ መለዋወጫና የሱቅ ሸቀጥ የሚያደርስ መሣሪያ ሆኗል። ዕቃን በመቀመጫው ላይ በላስቲክ ገመድ ማሰር የተለመደ ቢሆንም ከዝናብና ከአቧራ አይከላከልም፤ ተሳፋሪም ካለ ቦታ አይተርፍም። በመሆኑም በጎንና በጎን የሚንጠለጠል፣ ከላሜራ ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ሻንጣ ተመራጭ መፍትሔ ነው።

በፋብሪካ የሚመረቱት መደገፊያዎች በብዛት ለትልልቅ የረጅም ጉዞ ሞተር ብስክሌቶች የተሰናዱ ናቸው። እንደ ባጃጅ ቦክሰር ላሉ ቀላል ሞተር ብስክሌቶች የሚያስፈልገው መደገፊያ ግን በቤት ወይም በሰፈር ብየዳ ቤት ሊሠራ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው መደገፊያ ሊያሟላ የሚገባውን መለኪያ ማሳየት ነው። ስሌቱ የቀረበው ለማሳያ በተመረጡ መጠኖች ሲሆን፣ ፍሬ ነገሩም የመደገፊያው ጥንካሬ ከብረቱ ውፍረት ይልቅ በቅርጹና በመያዣ ነጥቦቹ ላይ እንደሚመሠረት ማስረዳት ነው።

ጫናው እና የብረት መዛል

ባዶውን 4 ኪሎግራም የሚመዝን ሻንጣ 8 ኪሎግራም ዕቃ ቢይዝ ጠቅላላ ክብደቱ 12 ኪሎግራም፣ የስበት ኃይሉም 118 ኒውተን ገደማ ይሆናል። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ይህ ኃይል ለአፍታ በ3 እጥፍ እንደሚያድግ ቢታሰብ 353 ኒውተን ይደርሳል። የሻንጣው የክብደት መሐል ከመያዣ ነጥቡ 30 ሴንቲሜትር ወደ ውጭ ቢርቅ፣ መደገፊያውን ለማጉበጥ የሚሠራው ሞመንት 106 ኒውተን ሜትር ነው። ሁለት አግዳሚ ክንዶች እኩል ሲካፈሉት ለእያንዳንዳቸው 53 ኒውተን ሜትር ይደርሳል።

ክንዱ 20 በ20 ሚሊሜትር ስፋትና 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አራት ማዕዘን ቱቦ ከሆነ፣ በሥሩ ላይ የሚፈጠረው ውጥረት ወደ 83 ሜጋፓስካል ይጠጋል። ተራ የግንባታ ብረት መታጠፍ የሚጀምረው በ235 ሜጋፓስካል አካባቢ ስለሆነ፣ ክንዱ በወረቀት ላይ አስተማማኝ መስሎ ይታያል። ስሕተቱ የሚጀምረው ግን እዚህ ላይ ነው። ብረት አንድ ጊዜ በሚያርፍበት ከባድ ጫና ብቻ ሳይሆን፣ በሚመላለስ አነስተኛ ጫናም ዝሎ ይሰነጠቃል። የብየዳ መጋጠሚያ 2 ሚሊዮን ምልልስ እንዲችል ከተፈለገ፣ የሚፈቀደው የውጥረት ልዩነት እንደ መጋጠሚያው ዓይነት ከ36 እስከ 90 ሜጋፓስካል ባለው ክልል ውስጥ ይወድቃል። በየ10 ሜትሩ አንድ ምት ቢቆጠር፣ 20,000 ኪሎሜትር የተጓዘ ሞተር ብስክሌት 2 ሚሊዮን ምት ተቀብሏል። እያንዳንዱ ምት የመጨረሻውን ኃይል ባይደርስም፣ 83 ሜጋፓስካል ለብየዳ ሥር በቂ ዋስትና አለመሆኑ ግልጽ ነው።

የቅርጽ መፍትሔ

ለዚህ ችግር በቀዳሚነት የሚታሰበው ወፍራም ብረት መጠቀም ነው። ነገር ግን ውፍረት ሲጨምር የመደገፊያው ክብደትም ይጨምራል። የተሻለው መንገድ ከክንዱ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ታችኛው መያዣ ነጥብ የሚወርድ ሰያፍ ድጋፍ መጨመርና ሦስት ማዕዘን መፍጠር ነው። በላይኛውና በታችኛው ነጥብ መካከል 25 ሴንቲሜትር ከፍታ ቢኖር፣ ያው ጫና ማጉበጡን ትቶ የላይኛውን ክንድ በ212 ኒውተን ይስባል፤ ሰያፉን ደግሞ በ275 ኒውተን ገደማ ይገፋል። የዚያው ቱቦ የብረት ስፋት 111 ካሬ ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ከዚህ የሚመነጨው ውጥረት ከ3 ሜጋፓስካል በታች ይወርዳል። በተግባር የመጋጠሚያዎቹ ግትርነት ጥቂት መጉበጥ ቢጨምርም ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ነው። የግራውንና የቀኙን መደገፊያ ከጎማው በስተኋላ የሚያገናኝ አግዳሚ ብረት ደግሞ ወደ ጎን መወዛወዝን ይገታል።

ሁለተኛው ርምጃ ርቀትን መቀነስ ነው። የ30 ሴንቲሜትሩ ርቀት ወደ 20 ቢወርድ፣ ያለ ሰያፍ ድጋፍም ቢሆን ውጥረቱ ከ83 ወደ 55 ሜጋፓስካል ይቀንሳል። መያዣ ነጥቦቹ ከመሐል መስመር 10 ሴንቲሜትር ቢርቁና ሻንጣው 20 ሴንቲሜትር ስፋት ቢኖረው፣ ጠቅላላ ወርዱም ከ100 ወደ 80 ሴንቲሜትር ይጠብባል። ይህም በገበያ ቀን በሰውና በከብት መካከል ለሚያልፍ አሽከርካሪ ቀላል ጥቅም አይደለም፤ ሻንጣው ከመሪው ጫፍ ካልወጣ መሪው ያለፈበት ቦታ ሻንጣውንም ያሳልፋልና።

አገጣጠምና አቀማመጥ

ሁለት የኋላ ሾክ አብዞርበር ባላቸው ሞተር ብስክሌቶች ላይ፣ የሾኩ የላይኛው መያዣና የተሳፋሪ እግር ማሳረፊያው ሥር ጠንካራ ነጥቦች ናቸው። መደገፊያውን በቀጥታ በሞተር ብስክሌቱ ቴላዮ ላይ መበየድ አይመከርም፤ ሙቀቱ በብየዳው ዙሪያ ያለውን የቀጭን ቱቦ ክፍል ያዳክማልና። በምትኩ በቡሎን የሚጠብቅ ማቀፊያ መጠቀም ይሻላል። የ8.8 ደረጃ ያለው 8 ሚሊሜትር ቡሎን በ25 ኒውተን ሜትር ገደማ ይጠብቃል። ዳዶው በንዝረት የማይላላ ዓይነት ሊሆን ይገባል፤ ከመጀመሪያው 100 ኪሎሜትር በኋላም ሁሉም ቡሎኖች እንደገና ይፈተሻሉ። የፕላስቲክ ሻንጣ ከማርሚታው መራቅ ወይም በላሜራ መከለል ይኖርበታል። ሻንጣው ፍሬቻውንና የፍሬን መብራቱን እንዳይሸፍንም ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ክብደቱ በተቻለ መጠን ወደ ፊትና ወደ ታች መቀመጥ አለበት። የሁለቱ ሻንጣዎች 24 ኪሎግራም ከኋላ ጎማው መሐል 25 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ቢያርፍና በሁለቱ ጎማዎች መካከል 125 ሴንቲሜትር ርቀት ቢኖር፣ የፊት ጎማው 4.8 ኪሎግራም ይቀልለዋል። ዳገት ላይ ይህ የመሪ መቅለል በግልጽ ይሰማል። በግራና በቀኝ መካከል የ4 ኪሎግራም ልዩነት ካለ ደግሞ፣ ከመሐል መስመር በ40 ሴንቲሜትር ርቀት 16 ኒውተን ሜትር ገደማ የሚያዘነብል ሞመንት ይፈጠራል። ስለዚህ ዕቃውን በሚዛን ማካፈል ተገቢ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በውኃ ሲሞላ ብቻውን ከ20 ኪሎግራም በላይ ስለሚመዝን፣ እዚህ ለተሰላው መደገፊያ አይስማማም።

ማጠቃለያ

መደገፊያ በጉዞ ላይ ሲሰበር የሚጠፋው ዕቃ ብቻ አይደለም። በአንድ ወገን የተለቀቀ ሻንጣ ወደ ኋላ ጎማ ገብቶ ጎማውን ሊቆልፍ፣ አሽከርካሪውንና ተሳፋሪውን ሊጥል ይችላል። ስንጥቁ የሚጀምረው ከቀለም ሥር በብየዳው ጠርዝ ላይ በመሆኑ፣ በየጊዜው ያንን ቦታ አጽድቶ መመልከት የጥገናው ዋና ክፍል ነው። ሻንጣዎቹ፣ መደገፊያውና ተሳፋሪው ከአሽከርካሪው ጋር ተደምረው አምራቹ ከወሰነው የጭነት ልክ ማለፍ የለባቸውም፤ ጠንካራ መደገፊያ ይህን ልክ ከፍ አያደርገውምና። ሰያፍ ድጋፍ፣ አጭር ርቀትና ትክክለኛ መያዣ ነጥብ ግን ውድ መሣሪያ አይጠይቁም። መለኪያውን አስቀድሞ ለሚያውቅ በያጅ ከጥቂት ተጨማሪ ቱቦና ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ሥራ ብዙም አያልፉም።