ሕልም ውጤት አያወጣም

ልጄ፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናው ሲቃረብ እንቅልፍ እንደነሳሽ እናትሽ አጫወተችኝ። ሌሊት እየባነንሽ ትጮኺያለሽ አሉ። ጥርስሽ ሲረግፍ፣ የመፈተኛው አዳራሽ በር ሲዘጋብሽ፣ የያዝሽው እርሳስ አልጽፍ ሲልሽ ታያለሽ። ከሁሉ የከፋው ግን «ምልክት ነው፣ መውደቄ ነው» ማለት መጀመርሽ ነው። ጡረታ እስክወጣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስላስተማርኩ በየዓመቱ በፈተና ሰሞን ዓይናቸው ደም የመሰለ ልጆች አይቻለሁ። የማውቀውን በተራ በተራ ጽፌልሻለሁ።

1. ሕልምሽን ለፈቺ አታቅርቢ። በእኛ አገር ጥርስ ከረገፈ ዘመድ ይሞታል፣ ጥሬ ሥጋ ከታየ ኀዘን ይመጣል ይባላል። ጎረቤት ሁሉ ፈቺ ነው። «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» ይባል የለ? የፈራ ሰው ሲፈታው ፍቺው ፍርሃት ይሆናል። አንድ ነገር ልንገርሽ። ፓሪስ ውስጥ ሕክምና ለመማር ከባድ ውድድር ያለበት ፈተና የወሰዱ 719 ተማሪዎች ስለ ሕልማቸው ተጠይቀው ነበር፤ ጥናቱ የታተመው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ከመቶ 60 የሚሆኑት በዋዜማው ሌሊት ፈተናውን በሕልማቸው አይተዋል። ከእነዚያም ሕልሞች ከመቶ 78ቱ ችግር የበዛባቸው ነበሩ፦ ማርፈድ፣ መልስ መጥፋት፣ የመሳሰለው። ውጤቱ ሲመጣ ግን በመጀመሪያው መንፈቅ ስለ ፈተናው ደጋግመው ያለሙት ከሌሎቹ የተሻለ ነጥብ አግኝተው ተገኙ። ሕልሙ ነጥብ ጨመረላቸው ማለቴ አይደለም። ነገሩን ከልቡ የያዘ ልጅ ተኝቶም አይለቀውም፤ እኔ የምረዳው እንዲህ ነው።

የሕልም ነገር ከተነሳ ዘንድ ሐኪሙ ዚግመንድ ፍሮይድም በ1900 እ.ኤ.አ. በወጣው መጽሐፉ በተማሪነቱ የወደቀባት አንዲት የሕክምና ትምህርት በሕልሙ መጥታበት እንደማታውቅ፣ የሚመላለሱበት ያለፈባቸው የዕፅዋት፣ የእንስሳትና የኬሚስትሪ ፈተናዎች እንደነበሩ ጽፏል። ሰውየው ከጻፈው ብዙውን አልቀበለውም፤ ይህችን ግን እወዳታለሁ፤ የፈተና ሕልም የመውደቅ ምልክት ላለመሆኑ አንድ ምስክር ናትና።

2. ፍርሃትሽን አትናቂ፤ ከሜዳ የመጣ አይደለም። «ምን ያስፈራል፣ ቀላል ነው» የሚሉሽ ደግ ሰዎች ቢሆኑም እውነቱን አልነገሩሽም። በዚህ ፈተና ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያ ላይ ለብዙዎች ከቤት ርቆ፣ ስልክ ትቶ፣ በማያውቁት የዩኒቨርሲቲ ዶርም አድሮ መፈተን አለ። ይህን ሁሉ እያወቀ የማይጨነቅ ልጅ ካለ ያሳስበኛል።

ስለዚህ ጭንቀቱን በቀን ቁጭ ብለሽ አነጋግሪው። ወረቀት ያዢና «50 ባይመጣልኝ ምን አደርጋለሁ?» ብለሽ ጻፊ። ሬሜዲያል የሚባለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት አለ፣ በግል እንደገና መፈተን አለ፣ ቴክኒክና ሙያ አለ። እያንዳንዱ ምን እንደሚጠይቅ ከትምህርት ቤትሽ አጣሪና አስፍሪ። ከዚያ ለእናትና ለአባትሽ አሳዪያቸው። ብዙ ልጅ የሚባንነው ወረቀቱን ፈርቶ ሳይሆን የወላጁን ፊት ፈርቶ እንደሆነ ደጋግሜ ታዝቤያለሁ። ወላጅ ደግሞ አስቀድሞ ሲነገረው ከምታስቢው በላይ ይችላል።

3. የእንቅልፍ ሰዓትሽን ለጥናት አትስጪ። እግርን በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ እስከ ንጋት መሸምደድ በእኛም ጊዜ ነበር፣ ዛሬም እንዳለ አውቃለሁ። ጀግንነት ይመስላል እንጂ ኪሳራ ነው። ቀን ያነበብሽው በአእምሮሽ የሚጸናው ስትተኚ ነው። በአንቺ ዕድሜ ያለ ሰው ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ሕልም የሚበዛበት የእንቅልፍ ክፍል ወደ ንጋት ገደማ ስለሚረዝም ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ መባነንሽ የተለመደ ነገር ነው፤ ሰዓቱ ምንም ምሥጢር የለውም። እንቅልፍ ስታጓድዪ ደግሞ ሰውነት በሚቀጥሉት ሌሊቶች ያን የሕልም ክፍል አብዝቶ ስለሚያካክስ ቅዠቱ ይብስብሻል። አባቶች «ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

4. ቡናውን ከምሳ በኋላ አቁሚ። ካፌይን ከጠጡት ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ በደም ውስጥ አለ። አመሻሽ ላይ አቦል ቶና በረካ ብለሽ በሦስት ሰዓት እንቅልፍ ብትጠብቂ አይመጣም። ጫትን በተመለከተ «ለጥናት ያነቃል» የሚሉሽ ጓደኞች ሲተዉት የሚመጣውን ዱካክ አይነግሩሽም። አትጀምሪው።

5. ነቅተሽ ሳለ መንቀሳቀስ ቢያቅትሽ፣ ደረትሽን የሆነ ነገር የተጫነሽ ቢመስልሽ፣ አትደንግጪ። አእምሮ ከሰውነት ቀድሞ ሲነቃ የሚሆን ነው፤ እንቅልፍ ያጣና በጀርባው የሚተኛ ሰው ላይ ይበዛል። ቢበዛ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል። አንድ ጣት ለማንቀሳቀስ ሞክሪ፣ በጎንሽም መተኛት ልመጂ።

6. ስትባንኚ ስልክ አትንኪ። ቴሌግራም ላይ «ፈተና ወጣ» የሚል ወሬ ሌሊትም አይተኛም፤ አንዴ ከከፈትሽው ነጋ። ተነሺና እግርሽ መሬት ይንካ፣ ውሃ ተጎንጪ፣ ከምታስገቢው አየር ይልቅ የምታስወጪውን አርዝመሽ ተንፍሺ። ክርስቲያን ከሆንሽ አማትቢና ጸልዪ። ሙስሊም ጓደኛሽ ደግሞ በአላህ ተጠብቃ፣ ወደ ግራዋ እንትፍ ብላ፣ ጎኗን ቀይራ እንድትተኛና ክፉ ሕልሟን ለሰው እንዳታወራ ሃይማኖቷ አስተምሯታል። በ20 ደቂቃ ውስጥ እንቅልፍ ካልመጣ አልጋ ላይ እየተገላበጥሽ አትታገዪ፤ ወንበር ላይ ሆነሽ ፈዘዝ ባለ ብርሃን ቀለል ያለ ነገር አንብቢ። የፊዚክስ መጽሐፍ አይደለም።

7. ተመላልሶ የሚመጣውን ሕልም በቀን ብርሃን ቀይሪው። ጨዋታ ቢመስልም ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው፤ ባሪ ክራኮ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ ከባድ ጥቃት የደረሰባቸውንና በቅዠት የሚሠቃዩ ሴቶችን በዚህ ረድተው ውጤቱን በ2001 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። አሠራሩ ይኸውልሽ። ከሰዓት በኋላ ሕልሙን ጻፊው፤ ከዚያ አንቺ እንደፈለግሽው ለውጠሽ እንደገና ጻፊው። ለምሳሌ በሩ ሊዘጋ ሲል ጥበቃው ያይሻል፣ «ነይ ግቢ፣ ገና ነው» ይልሻል፣ ገብተሽ ትቀመጫለሽ፣ እርሳሱ ይጽፋል፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ታውቂዋለሽ። መቶ ከመቶ አምጥቼ ተሸለምኩ አትበዪ፤ ራስሽ የማታምኚው ታሪክ አይሠራም። አዲሱን ብቻ በየቀኑ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ዓይንሽን ጨፍነሽ ደጋግመሽ ተመልከቺው። በአንድ ቀን አይለወጥም፤ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ያዢው። አሮጌውን ሕልም ግን ደጋግመሽ አታመንዥኪ።

8. ምክር የማይበቃበት ቦታ አለ። በጦርነት ወይም በጥቃት ያለፈ ልጅ ሌሊት የሚያየው የሆነበትን ነው፤ እሱን ብቻውን ተሸከም ማለት ግፍ ነው። አንቺም ብትሆኚ ቅዠቱ ከፈተናው በኋላም ሳምንታት ከቀጠለ፣ ምግብ ከተዘጋብሽ፣ ይልቁንም «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ነገ ዛሬ አትበዪ። ያን ዕለት ለእናትሽ ንገሪያት፣ ቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሂጂ። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ በክልሎችም ብዙ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። እዚያ የሚሄደው እብድ ብቻ ነው የሚልሽን አትስሚው። ጸበሉንም ሆነ ዱዓውን ተዪ የሚልሽ የለም፤ ከሐኪሙ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። እናትሽ ብትፈራ ለእኔ ደውዪልኝ፤ አብሬሽ እሄዳለሁ።